ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ?

አሶሳ፣ ጥር 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

እትዬ ትሩፋት፣ ከነልጆችሽ ከነከብትሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ሰፈራው ዘንድሮ ማሽላው ጥሩ ይዟል። ይህን ደብዳቤ እንደ ሁልጊዜው ልጄን አላስጻፍኩም፤ በመሠረተ ትምህርት አብረን በተማርነው ፊደል ራሴ ጻፍኩት።

አሶሳ የክልል ከተማ ከሆነች ወዲህ ሐኪም መጥቶልን፣ ከመጨረሻው ልጄ በኋላ ቁልቁል እየወረደ ያሰቃየኝን ማህፀኔን በኦፕራሲዮን መለሰልኝ። ያየሁትን ጉድ ልንገርሽ! ስነቃ ጥርሴን ነክሼ ሕመሙን ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። ለካ በስፌቱ ዙሪያ ማደንዘዣ ወግተውኝ ኖሯል። ሥጋዬ ተቆርጦ ተሰፍቶ እኔ ቁጭ ብዬ ሾርባ እጠጣለሁ! ነርሷ ስርጉት፣ «ማደንዘዣው ሲለቅ ያምሻል፤ ያኔ ዝም እንዳትዪ፣ ቶሎ ንገሪኝ» አለችኝ። እትዬ፣ እኛን «ሲያማችሁ ተናገሩ» ያለን ሰው አለ? ሰባት ልጅ ስወልድ እንዲህ የሚል አልሰማሁም። አመሻሽ ላይ ነገርኳት፤ ሮጣ መጥታ መድኃኒት ሰጠችኝ። አላፈርኩም።

አምና ለአባባ ተዝካር ስመጣ፣ ሳል በመጣብሽ ቁጥር ከሰው መሀል ተነስተሽ ትወጪ ነበር። ሳሉ ለቀቀሽ ወይ? እንስራውንስ አሁን ማን ያነሳልሻል? እኔንም ከመታከሜ በፊት ሳልና እንስራ እንዲሁ ያስፈሩኝ ነበር። ቤቴ ሰፊ ነው፤ ስርጉትም እዚሁ ናት።

በይ እትዬ፣ ሁላችሁንም በያላችሁበት ሰላም ያቆይልኝ። መልሱን ለልጆቹ ሳትሰጪ ራስሽ ጻፊልኝ። ፊደሉ ቢጣመም ግድ የለም፤ እኔ አነበዋለሁ።

እህትሽ የወርቅውሃ