ጠፍቶ ለመጋባት የሚመቸው ወቅት

ለእታለሜ፣ ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ይዞሻል? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ከስፌት መኪናው ስትነሺ ግድግዳ እየያዝሽ ነው? አባባስ እንዴት ናቸው? ሳሉ ቀለል አላቸው? የአክስቴ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? ምላሷ ደህና ለመሆኑ አልጠራጠርም። ሎጋው ወንድማችንስ ማደጉን አቆመ ወይስ አሁንም የሱሪውን ጫፍ እየፈታሽ ታስረዝሚለታለሽ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንቺን መዋሸት አይሆንልኝም። አካሌ ደህና ነው። ቀልቤ ነው አንድ ቦታ አልቀመጥ ያለኝ። ይህን ደብዳቤ እንኳ ስጀምር ስተወው ሰነበትኩ። አንዱን መስመር ጽፌ ወደ ታጠበው ልብስ እሄዳለሁ፣ ሌላውን ጽፌ ደመና መጣ አልመጣ ብዬ ሰማይ አያለሁ።

ሥራዬ ያው ነው። የሎጁ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ፓርኩ መሃል፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነው። ሁለት ማሽን አለን፤ አንዱ ያጥባል፣ ሌላው ያንጠባጥባል። ማስጫ ገመዱ ከዛፍ ዛፍ ተወጥሯል፤ ጦጣዎቹ ደግሞ ካልሲ ሲወዱ ለጉድ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዷ የሥራ አስኪያጁን ሸሚዝ ይዛ ዛፍ ላይ ወጣችና ቁልፉን አንድ በአንድ እየነቀለች ስትተፋ ዋለች። እሱ ከሥር ቆሞ ሲለማመጣት ብታዪ በሳቅ ትፈርሺ ነበር።

ከዚህ በፊት እንደነገርኩሽ፣ ከዘመድ አዝማድ ሸሽተው ለመጋባት እዚህ የሚመጡ ብዙ ናቸው። ድግስ የለ፣ ድንኳን የለ። ሁለት ሆነው ይመጣሉ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ይሰጣቸዋል፣ የጋብቻ መዝጋቢው ከከተማ በመኪና ይመጣል፣ ገደሉ አፋፍ ያለው መመልከቻ ላይ ቆመው ይፈራረማሉ። ምስክር ይዘው ስለማይመጡ ምስክሮቹ እኛው የሎጁ ሠራተኞች ነን። የወጥ ቤቱ ሹም ሽንኩርቱን ጥሎ፣ እኔ ካውያዬን ነቅዬ፣ ሽርጣችንን ፈተን እንወጣለን። ስንቱን ስሙን እንኳ የማላውቀውን ሰው ዳርኩት መሰለሽ። ከዚያ ሙሽሪት ቀሚሷን ለእኔ ትሰጠኛለች። ወቅቱን የማውቀው ከቀሚሱ ጫፍ ነው። በበጋ የመጣችው ቀይ አቧራ ናት፣ በክረምት የመጣችው እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት። ዝናቡ ሲያባራ የመጣችው ደግሞ ሣሩ ከወገብ በላይ ስለሚሆን የሚጣበቅ የሣር ፍሬ ዙሪያዋን ተሰክቶባት ትመለሳለች። እሱን ሳሙናም ማሽንም አያስለቅቀውም፤ ቁጭ ብሎ በጣት መልቀም ነው። እንግዶች የቱ ወቅት ይሻለናል ሲሉ እንግዳ ተቀባይዋ እኔን የምትጠራኝ ለዚህ ነው። ለሌላው ስመርጥ ዓይኔን አላሽም። ለራሴ ሲሆን ግን እንደ ጀማሪ ግራ ገባኝ።

ባለባርኔጣው ቤታችን የመጣ ዕለት የሆነውን መቼም አልረሳሽውም። ለምን ይህን ስም እንዳወጣሽለት ሳስታውሰው እስካሁን ይስቃል፤ የፓርክ ጥበቃ ባርኔጣውን ሶፋ ላይ አኑሮ አክስቴ የተቀመጠችበትን ማለቴ ነው። ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሆኖ፣ ጫማውን አስወልውሎ፣ እኔን ሊጠይቅ መጣ። አባባ በደንብ አስተናገዱት። ስለ ዝሆን ጠየቁት፣ ሳቁ፣ አጫወቱት፣ ሲያበቁ ግን «ታላቋ ሳትወጣ ለታናሿ በር አልከፍትም» አሉ። አንቺ ብርጭቆ በትሪ ይዘሽ በሩ ላይ ነበርሽ። ትሪውን አስቀመጥሽ፣ ፈገግ አልሽ፣ ክፍልሽ ገባሽና የስፌት መኪናሽን መርገጥ ጀመርሽ። ተከትዬሽ ስገባ መኪናው ላይ ጨርቅ አልነበረም። ባዶውን ነበር የምትረግጪው። ፊትሽን ሳታዞሪ፣ እናንተ ጠፍታችሁ ተጋቡ፣ ፓርኩ እንደሆነ ሰፊ ነው አልሽኝ። እኔም ሳቅኩ። እንደ ቀልድ ይዤው መጣሁ፤ እዚህ ስደርስ ቁም ነገር ሆነ።

መጀመሪያ በጋን መረጥን። መንገዱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ እንግዳውም ጥቂት ነው ብለን። አልጋ ሲሉት አመድ ማለት ምን እንደሆነ ያን ዕለት አየሁት። በየበጋው ሰደድ እሳት እንዳይነሳ ጠባቂዎቹ ራሳቸው ሣሩን በመስመር በመስመር ያቃጥላሉ። የሚቃጠልበትን ቀን የሚቆርጠው ማን መሰለሽ? ሙሽራው ነዋ። ለቃጠሎው ነፋስ የሌለበት ቀን ፈልጎ መረጠ፣ ለሠርጉም ነፋስ የሌለበት ቀን ፈልጎ መረጠ፤ ለካ ሁለቱም አንድ ቀን ናቸው። መመልከቻው ላይ ስንደርስ ሸለቆው በሙሉ ጭስ ሆኗል። መዝጋቢው ዓይኑን እያሸ ሙሽሪት የቷ ናት ይላል፣ የወጥ ቤቱ ሹም እዚህ ነኝ ይለዋል። ወዲያው በሬዲዮ ጥሪ መጣ፤ እሳቱ መስመሩን አልፎ ነበር። ሁለቱም ምስክሮች፣ የሎጁ ሹፌርና የወጥ ቤቱ ሹም፣ ሊያጠፉ ሮጡ። ሙሽራውም የክት ሱሪውን ሰብስቦ ተከተላቸው። እኔ ቀሚሴ በጥላሸት ጠቁሮ ወደ ማጠቢያ ክፍሌ ተመለስኩ።

ከዚያ ክረምትን መረጥን፤ በክረምት እሳት የለምና። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፣ እኛ ግን ለመልቀምም አልታደልን። ወንዙ ሞልቶ መዝጋቢው ከነመኪናው ማዶ ቀረ። ባለባርኔጣው እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ እሷም እሺ ብላለች እኔም እሺ ብያለሁ ብሎ ጮኸ። መዝጋቢው መዝገቡን ጃንጥላ ሥር አቅፎ፣ ሕግ የሚፈልገው ፊርማ እንጂ ጩኸት አይደለም ብሎ መለሰለት። ሹፌሩ እኔ ሰምቻለሁ፣ እመሰክራለሁ አለ። የወጥ ቤቱ ሹም የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ሲለው ሁላችንም በሳቅ ሞትን። ከሁሉ አብልጬ የሳቅኩት ግን እኔ ነበርኩ። ጭቃው ላይ እስክቀመጥ ድረስ ሳቅኩ።

ባለባርኔጣው ብቻ አልሳቀም። በማግስቱ ማስጫው ጋ መጣና አንሶላውን በአንዱ ጫፍ ይዞ ያጣጥፍልኝ ጀመር። አይችልበትም፤ እሱ ያጠፈውን ሁሌ ደግሜ አጥፋለሁ። «የእሳቱ ዕለትም ፊትሽን አይቼዋለሁ» አለኝ። «ሠርጉ የተበላሸበት ሰው እንዲህ ቀለል አይለውም።» ወቅቱ እምቢ ካለ እኔ ምን ላድርግ አልኩት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም አለኝ። ከዚያ እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ነገረኝ። ወደ ሌላ ፓርክ ተመድቧል፣ ከዚህ እጅግ ወደራቀ ቦታ። ዝናቡ ቆሞ መንገዱ እንደ ደረቀ ይሄዳል። ሚስት ካለችው ቤት ይሰጡታል፣ ከሌለችው ከሌሎች ጠባቂዎች ጋር የጋራ ክፍል ይገባል። «ወቅቱን ተዪው፤ እኔን መምረጥ አለመምረጥሽን ንገሪኝ» አለና አንሶላውን አስታቅፎኝ ሄደ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እግሬን አልተከልኩም። ካውያ ሰክቼ ረስቼ የእንግዳ ትራስ ልብስ አቃጠልኩ። ነጩን ከቀዩ ጋር ዘፍዝፌ የአንድ ሽማግሌ ጎብኚ ካናቴራ ሮዝ ሆኖ ወጣ፤ ደግነቱ ወደዱት። ስቆም ስቀመጥ ወቅት እገለብጣለሁ። የዝናቡ ማብቂያ ይሻላል እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ አጋዘኖቹ የሚወልዱበት ጊዜ ስለሆነ መመልከቻውን ይዘጉታል እላለሁ። ወፎቹ ከሩቅ አገር የሚመጡበት ጊዜ ጥሩ ነው እላለሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ እንግዳ ስለሚበዛ ለሠራተኛ ፈቃድ አይሰጡም እላለሁ። እንከን ያላወጣሁለት ወቅት የለም።

ትናንት አንሶላ እየተኮስኩ አንዲት ሙሽራ ትዝ አለችኝ። ለምን ሸሽታችሁ መጣችሁ ስላት፣ የእናቴን ጭቅጭቅ ፈርቼ ነው ብላኝ ነበር። የፈረመችበት ቀለም ሳይደርቅ ግን ስልክ የሚሠራበት ጉብታ የት ነው እያለች በዚያ ሁሉ ጭቃ ሮጠች፣ ለእናቷ ልትነግር። ያኔ ቀሚሷን አሰብኩና ተናደድኩባት። አሁን ገባኝ። በጭሱም በወንዙም ቀን እኔ ዘወር ዘወር እያልኩ ነበር፤ የምፈልገውም አንቺን ነበር። ለማላውቃቸው ሰዎች ስፈርም ምንም ብሎኝ አያውቅም። በራሴ ቀን ግን ከጎኔ የወጥ ቤቱ ሹም ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ ሲቆም ዓይኔ ወደ መንገዱ ሄደ። አባባን የሸሸሁ መስሎኝ አንቺን ሸሸሁ። ቀድሜሽ ማግባቴ እንዳያምሽ ብዬ ነው የደበቅኩሽ። ደግሞ እኮ ያምሽ እንደሆነ እንኳ ጠይቄሽ አላውቅም። ባል ፈልገሽ አጥተሽ ይሁን፣ ከመጀመሪያውም ሳትፈልጊ ቀርተሽ ይሁን፣ እህትሽ ሆኜ አላውቀውም። ሁላችንም አንቺን ምክንያት አድርገን ስንነጋገር አንድም ሰው አንቺን አላናገረሽም። ይቅር በዪኝ፤ ስትመጪ ቁጭ ብለን እንጫወታለን፣ ልትነግሪኝ ከፈለግሽ።

ስትመጪ ያልኩት አምልጦኝ አይደለም። ወስኛለሁ። ዝናቡ አባርቶ አጋዘኖቹ መውለድ ሳይጀምሩ በመካከል ያለች አንዲት ሳምንት አለች፤ መንገዱ እርጥብ ቢሆንም መኪና ያሳልፋል። ከዛሬ ወር በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ጠዋት ነው። መዝጋቢው እሺ ብሏል። ሹፌሩ የወንዙን ውኃ በየዕለቱ በዱላ ይለካልኛል። ለባለባርኔጣውም ዛሬ ጠዋት የፓርኩ በር ላይ መኪና ሲፈትሽ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነገርኩት። «መርጫለሁ፤ መጀመሪያ አንተን፣ ከዚያ ቅዳሜን» አልኩት። ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ፣ መኪናዋንም ሳይፈትሽ አሳለፋት። አለቃው ቢያዩት ጉዱ ይፈላ ነበር።

አንደኛው ምስክር ሹፌሩ ነው። የወጥ ቤቱን ሹም ለሁለተኛው ቦታ አንተን አይደለም ብዬዋለሁ። አኩርፏል፤ ከዚያ ወዲህ ሾርባው ሁሉ ጨው በጨው ነው። ያ ቦታ ያንቺ ነው። አውቶቡሱ እስከ ፓርኩ በር ያደርስሻል፣ ከዚያ እኔ እቀበልሻለሁ። ክፍት ጫማ አታድርጊ፣ ቀሚስሽንም አጠር አድርጊው፣ ያ የሣር ፍሬ አይምርም። ብትመጪ ደስታዬ ሙሉ ነው። ባትመጪም ቀኑን አላዛውረውም። አንቺ ከቀረሽ የወጥ ቤቱ ሹም ይፈርማል፣ እኔም እያለቀስኩ አገባለሁ። ብቻ አልተጠራሁም እንዳትዪ። ጠርቼሻለሁ።

አክስቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ብትሰድበኝም ስድቧን ሳትቀንሺ ላኪልኝ፣ ናፍቆኛል። ሎጋውን ጎንበስ በል ብለሽ ግንባሩን ሳሚልኝ። ያቺን ሁሌ ክር ልትበደርሽ የምትመጣውን ጎረቤታችንንም ሰላም በያት።

ለአባባ ሰላምታዬን ብቻ እንዳትነግሪያቸው፤ ቀኑንም ንገሪያቸው። ከፈለጉ ይቆጡ። ቢመጡ እግራቸውን እስማለሁ፣ ቢቀሩም አባቴ ናቸው። ልጄ ጠፋች ግን አይበሉ፤ የት እንዳለሁም፣ መቼ እንደማገባም፣ ማንን እንደማገባም ያውቃሉ።

ታናሽሽ

ከሎጁ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ዝናቡ መሳሳት በጀመረበት ሰሞን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ