በጫማዬ ውስጥ የቆየው ደብዳቤህ

ውድ ኢኖኬ፣ ሸርጣን እንኳ የሚንቅህ የአጎቴ ልጅ፣

አትደንግጥ፣ ይህን የጻፍኩት እኔው ሩሲያቴ ነኝ። በገዛ እጄ፣ ማንም ሳያግዘኝ። እዚህ ዋና ከተማችን ሱቫ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ መምህርት አሊሲ ማታ ማታ ማንበብና መጻፍ ስታስተምረን ስምንት ወር ሆነን። ከሃያ ሁለት ተማሪ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። እሷ ሦስተኛ ነህ ትላለች፤ ሁለቱ ግን ቀድመው ትንሽ ያውቁ ስለነበር አይቆጠሩም።

ባሕሩ ሲሸሽ እርጥቡ አሸዋ ላይ በላስቲክ ጠርሙስ ራግቢ የተጫወትነው ትዝ ይልሃል? አባትህ የተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀምጦ፣ «ሰው ላይ አትሩጥ፣ ሰው የሌለበት ላይ ሩጥ» ይለኝ ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ የራግቢ ትምህርቴም ይኸው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ሌላውን ትምህርት አንተ ተማርክልኝ። የቤት ሥራዬን ትሠራለህ፣ እኔ ደግሞ የካሳቫ ቅርጫትህን ተሸክሜ ዳገቱን እሮጣለሁ። አንተ ተማርክ፣ እኔ ጡንቻ አወጣሁ። ማን እንደተጎዳ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ከዚያማ ታውቀዋለህ። ኒው ዚላንድ ወሰደኝ፣ ጃፓን አጨበጨበልኝ፣ ፈረንሳይ አደከመኝ፣ ስኮትላንድ ጉልበቴን ሰብሮ መለሰኝ። የውል ወረቀት ሲሰጡኝ ግንባሬን ቋጥሬ ያነበብኩ መስዬ እቆይና የዓሣ መንጠቆ የምትመስል ፊርማ እጭራለሁ። በክንፍ በኩል ኳስ ይዤ ስነሳ ግን በአራት አገር የያዘኝ የለም። እሺ፣ ጥቂቶች ይዘውኛል።

ያልነገርኩህ ነገር አለ። ጃፓን ሳለሁ ከጨዋታ በፊት የመንደራችንን መዝሙር ለብቻዬ ስዘምር ጃፓኖቹ አንድ በአንድ መጥተው ከጎኔ ቆሙ። ቃሉን ባያውቁትም ያንጎራጉሩ ነበር። ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝ ግን ጠፋ። ያን እንደ ጀልባ ሞተር የሚያጓራ ድምፅህን ናፈቅኩ፤ ሜዳ የገባሁት ዓይኔን እየጠረግኩ ነው። ላብ ነው አልኳቸው።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ከኒው ዚላንድ ለገና የመጣሁ ጊዜ፣ መንደሩ በአባትህ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ያንጎና ሲጠጣ ጋዜጣ ዘርግቼ ስለ ራሴ የተጻፈውን አነበብኩላችሁ። ውሸቴን ነበር። አንድ ጓደኛዬ አምስት ጊዜ አንብቦልኝ በቃሌ ይዤው እንጂ አንዲት ፊደል አልለየሁም። አንተ አፍህን ከፍተህ ቀረህ። አባትህ ግን ጽዋውን አስቀምጦ «የእኅቴ ልጅ ዓይኑ በራ» አለ። እንደዚያ ኮርቶብኝ አያውቅም። እንዴት ብዬ ልመልሰው?

በሦስተኛው ዓመት፣ ፈረንሳይ ሳለሁ፣ ደብዳቤህ መጣ። ልብስ በምንቀይርበት ክፍል ነበርን። የእጅ ጽሑፍህን በመልኩ ዐወቅኩት። በእኛ ደንብ አንተና እኔ ካልተሰዳደብን ዘመድ አይደለንምና፣ ስድብ ነው ብዬ ደመደምኩ። ልጆቹ «አንብብልን እንጂ» አሉኝ። አግዳሚው ላይ ወጣሁና ወረቀቱን ዘርግቼ ከራሴ ፈጠርኩ፤ «አንተ የተቀቀለ ጉማሬ፣ ስትወድቅ እኮ ደሴታችን ተናወጠ፤ አሳማዎቻችን ካንተ ቀጥ ብለው ይሮጣሉ።» አሠልጣኙ ዕንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ አጥፌ አሮጌ ጫማዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከአርባ ቀን በኋላ፣ ለሌላ ቡድን የሚጫወት ያገራችን ልጅ ሜዳ ላይ ይዞኝ «የአጎትህን ነፍስ ይማር» አለኝ። ደብዳቤው ምን እንደያዘ ያን ጊዜ ጠረጠርኩ። ለማስነበብ ግን ፈራሁ።

ስመለስ ባሕሩ ዳር ጠብቀህ «አልጻፍኩልህም?» አልከኝ። «አልደረሰኝም» አልኩህ። አመንከኝ። ፖስታውን ወደ ሱቫ ያደረሰው ጀልባ ነጂው ማናሳ ነበርና «ባሕር ውስጥ ጥሎት ነው» ብለህ፣ ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት ጀልባውን አትሳፈርም፤ ሰላምታህንም ነፍገኸዋል። እኔም እያወቅኩ ዝም አልኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ከጫማው አውጥቼ አነበብኩት። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። እንዲህ ይላል፦ «አሁን ማንበብ ስለቻልክ ለማንም ሳላሰማ በቀጥታ እጽፍልሃለሁ። አባባ ከመኝታው አይነሳም። ጨዋታ እንዳለብህ ስለሚያውቅ ና አይልህም። ሁለት መስመር ብቻ በእጅህ ጻፍለት። የእጅህን ጽሑፍ አይቶ መሞት ይፈልጋል።» አንዲት ስድብ የለበትም። ከአንተ ስድብ የሌለበት ነገር ሲደርሰኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ለማናሳ እዚህ ወደቡ ላይ ነግሬዋለሁ። ገመዱን ጠቅልሎ ጨረሰና «ለኢኖኬ ንገረው» አለኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህም እሱ ነው። እባክህ ከእጁ ተቀበለው።

ቅዳሜ በእሱ ጀልባ እመጣለሁ። እነዚያን ሁለት መስመሮች ጽፌያቸዋለሁ፤ መቃብሩ ላይ ቆሜ አነብለታለሁ። ከዚያ በፊት ግን፣ በአባቶቻችን ወግ ይቅርታ የሚጠየቅበትን የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዤ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ በደጃፍህ ዝቅ ብዬ እቀመጣለሁ። ካልተቀበልከኝ አልፈርድብህም። ጮማ እግሬንም፣ አራት አገር የዞረ ትዕቢቴንም ስደብልኝ፤ ይቅር እንዳልከኝ በዚያ ዐውቃለሁ። በጨዋ ደንብ «እንኳን ደህና መጣህ» ካልከኝ ግን፣ ጥርሱን ይዤ በመጣሁበት ጀልባ እመለሳለሁ።

ፊርማው አሁንም መንጠቆ የሚመስለው ያክስትህ ልጅ፣
ሩሲያቴ