የላላ የሚመስል ጎማ

ወንድም ጋሼ ብርሃነ ሥላሴ፣

እንዴት ከረምክ? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነ? ልጆቹስ? «ሁላችንም ደህና ነን» እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ አምስት ወር ሙሉ እሱኑ ስትለኝ ከርመሃል። እኔ፣ ተመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

መርዶው ቅዳሜ ደረሰኝ። ሳይነጋ እዚህ ከከተማው ዳር ሁስቢ ያለው ቤቴ በር ተንኳኳ፤ ስከፍት ጋሽ ገብረመድህንና እትዬ ምንትዋብ ከጽዋ ማኅበራችን ሰዎች ጋር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። የመሰለችኝ እማዬ ነበረች። «አባትሽ ናቸው» ሲሉኝ ለአንዲት አፍታ እፎይ አልኩ። ለዚያች እፎይታ መቼም ይቅር የምልህ አይመስለኝም።

መቼ ብላቸው፣ እትዬ ምንትዋብ መሬት መሬት እያዩ «ሰኔ ዐሥር» አሉኝ። ቀኑን ቆጠርኩት። የአባባ አርባ በወጣበት ቅዳሜ እኔ እዚሁ ሶደርማልም ሰፈር የጓደኛዬ የሚካል ሰርግ ላይ እስክስታ እየወረድኩ ነበር። ፎቶውንም «ለአባባ አሳይልኝ» ብዬ ላክሁልህ። «ሳቁ፣ መረቁሽ» አልከኝ። ማን ነው የሳቀው?

በሰው አገር ብቻዋን እንዳትደነግጥ ብላችሁ ነው፤ ወጉም ነው፤ ይሁን። ያንገበገበኝ እሑድ ስደውል «ድምፅሽ ረጋ ብሏል፣ ተጽናንተሻል» ማለትህ ነው።

ሥራዬን ታውቃለህ። አባባ «እኔ አርባ ዓመት ጎማ ለጠፍኩ፣ አንቺ በአውሮፕላን ሄደሽም ጎማ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ቤተ ሙከራ ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ጎማ በሁለት ጥቋቁር መስታወቶች መሀል አድርጌ፣ ከኋላው መብራት አብርቼ እስባለሁ። ሳይሳብ ጨለማ ነው። ሲሳብ ውስጡ የተዘበራረቀው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይሰለፍና ቀለም ያወጣል፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። በመጠኑ ከተሳበ ቀለሙና መለኪያው የሚያሳየው የመሳቢያ ኃይል አብረው ይሄዳሉ፤ ቀለሙን አይቼ ምን ያህል እንደተወጠረ እነግርሃለሁ። አጥብቀህ ስበህ ይዘህ ካቆየኸው ግን ይለያያሉ። ውስጡ እየጠጠረ ሲሄድ የኃይል መለኪያው ይወርዳል፤ መለኪያውን ብቻ ያየ ሰው ላላ፣ ዐረፈ ይላል። ቀለሙ ግን ገና እየተሳበ እንዳለ ሁሉ ወደፊት ይሄዳል።

አንተ በስልክ የሰማኸው መለኪያውን ነው፣ ወንድም ጋሼ።

ለባለቤትህ ለዲቦራ፣ ለልጆቹ ለሮቢና ለርሆቦት ሰላም በልልኝ፤ እነሱ ምን አጠፉ። ለእማዬ ግን ሰላምታዬን አታድርስ። እሑድ ስደውል ስልኩን ለራሷ ስጣት። «ተኝታለች» ካልከኝ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እቀመጣለሁ።

እህትህ ሸዋሉል
ስቶክሆልም፣ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.