ጭቃ ነው ያሉት ሥራህ

ውዴ ደረጀ፣

ከተለየኸኝ ወዲህ ክረምቱ አልፎ መኸሩም ገባ። እኔና ልጃችን ደህና ነን፤ የሰበታው ቤታችንም እንዳለ ነው። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ንዴቴን የምነግረው ሰው ስላጣሁ ነው።

አፈር ከለበስክ ብዙም ሳይቆይ መሥሪያ ቤትህ እንግዶች ጠራ። ለለስላሳ መጠጡ ማቀዝቀዣ ቦታ ሲጠፋ ቤተ ሙከራው ውስጥ ያለውን ያንተን ፍሪጅ ከፍተው ያሳደግሃቸውን የአፈር ባክቴሪያዎች በሙሉ ጣሏቸው። የሥራ ባልደረባህ ሒሩት እያለቀሰች ደወለችልኝ። ሄጄ ኃላፊውን ጠየቅሁት።

"እህቴ፣ የተጣለው እኮ ጭቃ ነው" አለኝ፤ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ።

ስንት ቅዳሜ ሱሉልታ፣ ታላቅ ወንድምህ ቶሎሳ ማሳ ላይ ተንበርክከን ድርቅ የቻሉ የስንዴ ሥሮች ስንነቅል እንደዋልን እሱ ምን ያውቃል? በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ሥሩን ከበው እርጥበት እንደሚያቆዩለት የነገርከኝ እዚያ ነው። ከሰርጋችን ቀን ይልቅ ይህን የነገርከኝ ቀን ደስ ብሎህ ነበር።

ቶሎሳ ከመሞትህ በፊት የሰጠኸውን ባክቴሪያ ያለበት ዱቄት ከዘር ጋር አሽቶ ግማሽ ማሳው ላይ ዘራው። ዝናቡ ነሐሴ ሳያልቅ ተቋረጠ። ዱቄቱ ያልነካው ግማሽ ቀጭጮ ቀረ፤ ያኛው ግን ደከም ቢልም ፍሬ ያዘ።

ወሬው ሲሰማ ኃላፊው ካሜራ አስከትሎ ማሳው ድረስ መጣ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ስንዴው መሃል ቆሞ "የመሥሪያ ቤታችን ውጤት" ማለት ሲጀምር ደሜ ፈላ። ቶሎሳ ቀደመኝ። ቁጣውን በኦሮምኛ ጀምሮ፣ ሰውየው እንዲገባው በአማርኛ ጨረሰው።

"ይሄ የወንድሜ ልፋት ነው። እናንተ ጥላችሁታል። ስሙን ካልጠራችሁ ማሳዬ ላይ አትቆሙም።"

ኃላፊው "ኦቦ ቶሎሳ፣ ይረጋጉ እንጂ" አለና ስምህን ሳይጠራ ወደ መኪናው ተመለሰ። ይቅርታ እስከ ዛሬ አልጠየቀም።

በዚያው ቀን ሒሩት ሥሮቹን ከነአፈራቸው ቆፍራ ወሰደች። ባክቴሪያዎችህን ከሥሩ ላይ አግኝታ እንደገና አሳድጋቸዋለች፤ ከፊሉንም ሌላ ቤተ ሙከራ አስቀምጣለች። ለሚመጣው ክረምት የቶሎሳ ጎረቤቶች ዘራቸውን ሊያሹበት ቀጠሮ ይዘዋል።

ዘመዶቻችን "የሆነው ሆነ፣ እርሺው" ይሉኛል። አልረሳም። ልጃችን አባቷ ምን ይሠራ እንደነበር ስትጠይቀኝ ስንዴው መሃል አቁሜ እነግራታለሁ። ማን እንደጣለውም እነግራታለሁ።

ያንተው አልማዝ