ዑስፋን ላይ ሰደፍ ፍለጋ

ሰኞ

አሠሪዬ ማዳም ቁልቁለት መውረድ አትችልም። ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እግሯን ፊት ለፊት እየወረወረች ስትወርድ ኖራ ጉልበቷ እንዴት አያልቅ? ዛሬ በሕንፃው ደረጃ ላይ፣ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ታች፣ በጎን መውረድ አስተማርኳት። ዱላው (ለዛሬ የመጥረጊያ እንጨት ነው) ይቀድማል፣ ከዚያ የታችኛው እግር፣ ከዚያ የላይኛው። ተራራ ላይ የሚያድግ የወረባቦ ልጅ ሁሉ ሳይነገረው የሚያውቀው ነገር ነው። እሷ ሠላሳ ዓመት ሳይንስ ያስተማረች ሴት ናት፤ "ቆይ ጦይባ፣ ድገሚልኝ" እያለች እንደ ተማሪ ጠየቀችኝ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ጨነቀኝ።

የጨነቀኝ ይኸው ነው። እሑድ ለጉልበቷ ቀዶ ሕክምና ትገባለች። ከዚያ በፊት ዑስፋን ሄጄ ጀበል ካልወጣሁ ብላ ድርቅ ብላለች፤ ጀበል ተራራ ነው። ወጣት ሳሉ ከሟች ባሏ ጋር ያገኙት ቦታ አለ፤ የባሕር ፍጥረት ድንጋይ ሆኖ የቀረበት። "ከተቀደድኩ በኋላ እንኳን ጀበል፣ ይቺን ደረጃም ላልወጣ እችላለሁ" አለችኝ። ልጇ ሪም እንዳትሰማ ተብሏል።

ሪም ባንክ ነው የምትሠራው። ክፉ አይደለችም፣ ግን ስታናግረኝ አታየኝም። ባለፈው ወር ማዳም መታጠቢያ ቤት ስትንሸራተት፣ "እናቴ ሁለተኛ ብትወድቅ እሷን ወደ ቤቴ እወስዳታለሁ፣ አንቺ ኹሩጅ" ብላኛለች። ኹሩጅ ማለት የመጨረሻ መውጫ ነው። ወረቀቱ ላይ ማኅተም ይመታል፣ አውሮፕላን፣ ኻላስ፣ አበቃ።

እኔ ደግሞ ከዚህ ቤት መውጣት አልፈልግም። እውነቱን ልጻፈው። በፊት በነበርኩበት፣ መካ ያለው ቤት፣ ሁለት ዓመት በሩ ከውጭ ይቆለፍብኝ ነበር። ማዳም ግን በመጣሁ ዕለት ቁልፍ በእጄ ሰጠችኝ። ጠዋት ጠዋት ከሱብሒ ሶላት በኋላ አብረን እንራመዳለን። እንዲህ ያለ ቤት ሁለት ጊዜ አይገኝም።

ብትወድቅ እኔ ተባረርኩ። አልሄድም ብል ብቻዋን ትሄዳለች፣ አውቃታለሁ። ረቡዕ ነው ብላለች፤ ሪም ስብሰባ የሚበዛባት ቀን ስለሆነ።

ማክሰኞ

አል-ባላድ ገበያ ወርጄ የገዛሁት፦

ዱላ። ሻጩ "ለአባትሽ ነው?" አለኝ፤ አዎ ብዬ ዋሸሁት።
የጉልበት ማሰሪያ፣ ሁለት።
ሰፊ ባርኔጣ። ማዳም አልወደደችውም።
ተምር።
ለእኔ የመራመጃ ጫማ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሸበጥ አድርጌ ኖሬ፣ አሁን አስተሳሰሩ ጠፍቶኝ ሁለቴ አሰርኩት።

ሌላው ነገር። ሰው ሳያውቅ መሄዱ ከበደኝና ለአክስቴ ልጅ ለዘይነባ በዋትስአፕ ድምፅ ላክሁላት። ዘይነባ መካ ዑተይቢያ ሰፈር ናት፤ ከመጣች ስምንት ወሯ ነው፣ አረብኛው ገና አፏ ላይ አልተፈታም። ያልኳት ይኼንን ብቻ ነው፦ "ነገ ከማዳም ጋር ጀበል እንወጣለን፣ ሰደፍ ልንፈልግ። ሪም ከሰማች ጉዴ ነው፣ ለማንም እንዳታወሪ። እስከ አስር ሰዓት ድምፄ ከጠፋ ብቻ ለሪም ደውዪ፣ ቁጥሯ አንቺ ጋ አለ።" ሰደፍ የምትለው ማዳም ናት፤ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊቱን። እኔም ከአፏ ለምጄው ነው።

ዘይነባ መለሰችልኝ፦ "ያ ረቢ፣ ጦይባ፣ ምን ውስጥ ነው የገባሽው?" የወረባቦ ልጅ ጀበል ትፈራለች እንዴ ብዬ ሳቅሁባት። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ጫማዬን ልለማመድ ሄድኩ።

ረቡዕ

ጥሩውን አስቀድሜ ልጻፍ። መጥፎው የትም አይሄድም።

ማዳም ራሷ ነዳች። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ስድሳ ካለፋት በኋላ ነው፤ የቀረባትን ሁሉ በአንድ ቀን ልትነዳው ነው መሰለኝ ትበራለች። ከአደጋ እንዲጠብቀን አያተል ኩርሲን ሦስቴ ቀራሁ። ዑስፋን ስንደርስ ጉብታ ላይ የተቀመጠውን የጥቁር ድንጋይ ምሽግ አሳየችኝ። ጥንት ወደ መካ የሚጓዘው ሐጃጅ እዚህ ያድር ነበር አለች። የውሃ ጉድጓድም አለ፤ ጨው የነበረውን ውሃ ረሱል ምራቃቸውን ጠብ አድርገውበት ጣፈጠ ይላሉ። እሷ ስለ ግንቡ ድንጋይ ታወራለች፣ እኔ አባቴ ይህንን ቢያይ እያልኩ ነበር።

ከዚያ መኪናውን አቁመን በእግር። መንገድ የሚባል የለም፣ የፍየል ዱካ ብቻ። የመጀመሪያው ሸለቆ አይደለም። ሁለተኛውም አይደለም። "እዚህ ጋ አንድ ግራር ነበረ" ትላለች፤ ግራር የለም። ፀሐዩ ከፍ አለ። ሦስተኛው ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ዱላውን ወረወረችው። "መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነበር። እኔ ከኋላው ነበር የምሄደው" አለች። አርባ ዓመት ከሰው ኋላ ሄዶ፣ ሰውየው ሲሞት መንገዱም አብሮ መጥፋቱ።

ቦታው ምን ዓይነት ነበር ብዬ ጠየቅኳት። ከላይ ጥቁር ድንጋይ አለ፣ እሳተ ገሞራ የደፋው፤ ከሥሩ ነጣ ያለ ለስላሳ፣ ያ የባሕሩ ወለል ነው አለችኝ። እንግዲያስ ቀላል ነው። ፍየል ጥቁሩን ድንጋይ አትወድም፣ ለሰኮናዋ ይሻክራታል፤ በለስላሳው ነው የምታቋርጠው። ዱካውን ተከትዬ ብቻዬን ወጣሁ። እግሬ! ስድስት ዓመት ሴራሚክ ላይ የኖረ እግር እንዲህ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። ትንፋሼ ሳይቆረጥ ጥቁሩና ነጩ የሚገናኙበት ደረስኩ፤ እጄን ለድጋፍ ሳሳርፍ መዳፌ ሥር ሸንተረር ሸንተረር አለኝ። ጥፍሬን የምታክል ቅርፊት። አጠገቧ ሌላ። ከዚያ ግድግዳው ሁሉ እሱ።

ማዳምን ግማሹን ደግፌ፣ ግማሹን ተሸክሜ አወጣኋት። በጣቷ አንድ በአንድ ነካቻቸው። አንድም አልወሰደችም። "ለሚመጣው ይቆይ" ብላ እያለቀሰች ፎቶ አነሳች። እኔ ተራራ ላይ ባሕር ሳይ ሱብሐነላህ ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ።

በጎን በጎን ወረድን። አልወደቀችም። ይሄንን አስምሬበታለሁ፦ አልወደቀችም።

መኪናው ጋ ስንደርስ ስልኬ ኔትወርክ አገኘ። ዘይነባ ሰባት ጊዜ ደውላለች። ሪም ሃያ ሦስት ጊዜ። ከዚህ በላይ መጻፍ አቃተኝ።

ሐሙስ

የትላንቱን ቀሪ።

ሪም በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ፊቷ አመድ መስሏል። የመጀመሪያ ጥያቄዋ "መሣሪያው የታለ?" ነበር። ማዳምና እኔ ተያየን።

ዘይነባ ናት። ሰደፍ ስላት የሰማችው የእኛን ሰደፍ ነው፤ የጠመንጃውን። እንዴት አላሰብኩትም? ስድስት ዓመት አረብኛ ሲያወራ የኖረ ምላስ አገሩን ይረሳል። ልጅቷ የኔ ማዳም ጀበል ላይ የተቀበረ ጠመንጃ ልታወጣ እኔን ይዛ ሄደች ብላ ሌሊቱን ሳትተኛ አድራ፣ እስከ አስር ሰዓት መጠበቅ አቅቷት፣ ረፋድ ላይ ለሪም ደወለች። በምታውቃት አረብኛ ሦስት ቃል፦ "ማማ። ጀበል። ሲላሕ።" ሲላሕ ማለት መሣሪያ ነው። ሪም ከስብሰባ ተነስታ ሮጠች። "ሹርጣ ልጠራ አንድ ጣት ነበር የቀረኝ" አለች፤ ፖሊስ ማለቷ ነው።

ነገሩን በአረብኛ አስረዳሁ። በእኛ ቋንቋ ሰደፍ ይህ ነው፣ በእናንተ ያ ነው። ማዳም ሶፋው ላይ ተገልብጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሪም አልሳቀችም። እናቷ ስቃ እስክትጨርስ ጠበቀችና ተናገረች። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማዳም ወደ ሪም ቤት ትገባለች። የኔ ወረቀት በሚቀጥለው ሳምንት ይጀመራል።

አልወደቀችም እኮ ልላት ፈለግሁ። ማዳምን አየሁ፣ ትናገራለች ብዬ። ጉልበቷን ታሻለች፣ ዝም። ከሪም ቁጣ ይልቅ ያ ዝምታ ነው ያቃጠለኝ። ተራራው ላይ የተሸከምኳት እኔ፣ ቤት ስትገባ ማን ሆንኩ?

ጁምዓ

ዘይነባ እያለቀሰች ደወለች። ልቆጣት ነበር፣ ግን እሷ ቀደመችኝ። "ሰደፍ ያልሽው አንቺ፣ ጥፋተኛዋ እኔ?" አለችኝ። ጠመንጃ ሳይኖር ሰደፉን ብቻ ምን ልናደርገው ነው ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና፣ "አፈሙዙን ለብቻ ደብቃችሁት ይሆናል ብዬ ነዋ" አለች። ሳቅ አፈነኝ። ከስልኩ ወዲያና ወዲህ ሁለታችንም እያለቀስን ሳቅን። ምን ላድርጋት? ለኔ ብላ ነው።

ከሶላት በኋላ ማዳምን ፊት ለፊት ጠየቅኳት። ለምን ዝም አልሽ? "ሪም ስትቆጣ መልስ አይሰጣትም፣ ከልጅነቷ እንዲህ ናት። ጠብቂ" አለችኝ። ጠብቂ ማለት ቀላል ነው፣ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ በሌላ ሰው ቃል ላይ ላልተንጠለጠለ።

ሻንጣዬን አወረድኩ። ቀሚስ፣ ሂጃቦች፣ የእናቴ ስጦታዎች፣ አዲሱ ጫማ። ጫማውን አስገባሁ፣ አወጣሁ፣ መልሼ አስገባሁ። ቤቱን ሁለት ጊዜ ጠረግሁት። እንቅልፍ እንቢ አለኝ፣ መቀመጥም እንቢ አለኝ። ቅዳሜንም እንዲሁ ስንቆራጠጥ ነው የምውለው።

እሑድ

ይህንን የምጽፈው ሆስፒታል መተላለፊያ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ማዳምን ወደ ውስጥ አስገብተዋታል።

ጠዋት ሪም ሁለታችንንም ይዛ መጣች። መዝገብ ክፍል ያለችው ሴት ቅጽ ሰጠችን፤ "ሙራፊቅ ማን ናት?" አለች። ሙራፊቅ ማለት አስታማሚ ነው፣ ከበሽተኛው ጋር የሚያድረው። ሪም መታወቂያዋን ልታወጣ ቦርሳዋን ከፈተች። ማዳም ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና፣ "ጦይባ ናት" አለች። እንደ ቀላል ነገር።

ሪም ቦርሳዋን ዘጋች። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ፣ ኢቃማዬን ሰጠኋት፣ መሙላት ጀመረች። ስም። የአባት ስም። ዝምድና የሚለው ጋ ስትደርስ "ዓሚላ" ብላ ልትጽፍ፣ ሠራተኛ ማለቷ ነው፣ እስክሪብቶውን አሳረፈች።

"ሚን አህል አልበይት ብለሽ ጻፊ" አለች ማዳም። ከቤቱ ሰዎች።

"የኔ እናት፣ እንዲህ የሚባል ዝምድና የለም።"

"ጻፊው፣ ይኖራል።"

የመዝገቧ ሴት ሰዓቷን አየች። ሪም እናቷን አየች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ጻፈችው።

አህለል በይት። እኛ አገር ይህ ስም የረሱል ቤተሰብ ነው፤ መንዙማ ላይ እንጂ የሆስፒታል ቅጽ ላይ ሰምቼውም አላውቅም። አስተግፊሩላህ አልኩ በልቤ። ቢሆንም ቅጹን ሳስረክብ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ሪም አሁን ከውስጥ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "አምስት ቀን ነው የምታድሪው። ልብስሽን ላምጣልሽ፣ የትኛው መሳቢያ ውስጥ ነው?"

"መሳቢያ ውስጥ የለም። ሻንጣ ውስጥ ነው።"

ገብቷታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ እሷም አልተኛችም። "ሻንጣውን እንዳለ አላመጣም፣ የሚያስፈልግሽን ብቻ ንገሪኝ" አለች። ነገርኳት፣ ስልኳ ላይ ጻፈች፣ ሄደች።

ከአምስት ቀን በኋላ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ኹሩጅ የሚለውን ቃል ዛሬ አላነሳችም። እኔም አላስታወስኳትም።