መስተዋት የጠቀለልኩበት ሥዕል

ውድ እታለሜ፣

ሰላምታዬ ከደጃፉ ጀምሮ እስከ ጓዳ ድረስ ላላችሁት ሁሉ ይድረስ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? እማዬስ እንቅልፍ ይወስዳታል ወይስ አሁንም እንደተቀመጠች ይነጋባታል? እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ያ ባርኔጣ ከራሱ የማይለየው የሥዕል ነጋዴ ተመልሶ መጥቶ፣ ነፍሱን ይማረውና ወንድማችን ከሣላቸው የቀረውን አንድ ሥዕል፣ ከእማዬ አልጋ በላይ የተሰቀለውን የራሷን መልክ፣ ሽጡልኝ ማለቱን ጽፈሻል። አንተ እዚያው ሥራው ውስጥ ነህና ምከረኝ ብለሽኛል። ከመምከሬ በፊት ያየሁትን ልንገርሽ።

እንደምታውቂው እዚህ ባሕር ማዶ ሥራዬ ለኤግዚቢሽን የሚመጣና የሚሄድ ሥዕል ማሸግ ነው። እጠቀልላለሁ፣ ሣጥን ውስጥ አስገባለሁ፣ ክዳኑን በብሎን አጠብቃለሁ። ስጀምር ከአፍሪካ የሚመጣ ሣጥን በዓመት አንድ ቢገኝ ነው። አሁን በየሳምንቱ ሆኗል። ሰዉ የእኛን ሠዓሊዎች ሥራ ለማየት በር ላይ ይሰለፋል። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ ጊዜው የእናንተ ነው ይለኛል። እሺ እለዋለሁ፤ ሌላ ምን ይባላል?

ባለፈው ወር አንዱን ሣጥን ስከፍት፣ አምና ለባለ ባርኔጣው ከሸጥሽለት አንዱ ሆኖ አገኘሁት። ያ ቀይ በር ያለበት። ቤት ስንቀይር መስተዋቱ እንዳይሰበር ብዬ የጠቀለልኩበት፣ ሸራውን አራት እጥፍ አድርጌ በገመድ ጥፍር ያደረግሁት። ወንድማችን ያን ቀን እራት ሳይበላ መተኛቱን አትረሺውም። እጥፋቱ አሁንም አለ፤ ቀለሙ በመስቀለኛ ተሰነጣጥቋል።

ከተሰቀለ በኋላ አስጎብኚዋ ለእንግዶቹ ስታስረዳ ሰማኋት። ሠዓሊው ስንጥቁን ሆን ብሎ ያደረገው የተከፋፈለ ኑሮን ለማሳየት ነው አለች። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ መሰላል ይዤ ቆሜአለሁ። የእኔ እመቤት፣ መስተዋት ጠቅልዬበት ነው ልላት አፌ ላይ መጣና ተውኩት። መሳቅ ወይም ማልቀስ ነበረብኝ፤ አንዱም አልመጣ አለኝ። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ እንደደነዘዝኩ ነኝ።

ትናንት ኤግዚቢሽኑ አለቀና ሥዕሉን ለገዛው ሰው እንዳሽግ ታዘዝኩ። በነጭ ወረቀት ጠቀለልኩት፣ አስተኛሁት፣ አሥራ ስድስቱን ብሎን አንድ በአንድ አጠበቅሁ። የመጨረሻው ላይ ስደርስ ለወንድማችን ቀብር አለመድረሴ ትዝ አለኝ። እጄ ቆመ። ባልደረባዬ መኪናው ደርሷል፣ ቶሎ በል አለኝ፤ ጨረስኩት።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው። የእማዬን አትሽጪው። የወንድማችን ስም በመጠራቱ ደስ ይበለን፤ የሄዱትም ይሂዱ፣ ሰው ይያቸው። የእማዬ መልክ እዚህ ከመጣ ግን ሣጥኑን የምዘጋው እኔ ነኝ። እማዬ በሕይወት እያለች በእጄ ክዳን አልዘጋባትም።

ለባለቤትሽ፣ ለዚያ ቀልደኛ፣ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ፂሙ ዘንድሮስ በቀለለት ወይ? ትልቋ ልጅሽን እቀፊልኝ፣ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። መስተዋቱንም አቧራውን ጥረጊልኝ፤ እሱ እንኳ ሳይሰበር ቀረ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ወንድሙን ሳይሸኝ ቀረ እያለች እንደምታዝንብኝ አውቃለሁ። ትናንት ሸኘው በያት።

ታናሽ ወንድምሽ
ከማሸጊያ ክፍሉ፣ ኅዳር 14 ቀን