ወፍጮው ቢነሳ ምን ይጎድላል

ጅጅጋ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዳማ ላለኸው ባለቤቴ ለወንደሰን፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ? የአዳማ ሙቀት ለጉልበት ፍቱን ነው ብለኸኝ ነበር፤ እስቲ እውነት ያድርገው። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ደግሞ ደህና ነኝ ማለቴ ነው፤ እንደ እናትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "እንዳለሁ አለሁ" እያልኩ የሰው ሆድ አላባባም።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። በስልክ ስነግርህ ታቋርጠኛለህ፣ ስታቋርጠኝ እጮሃለሁ፣ ስጮህ ትዘጋዋለህ። ወረቀት አይጮህም፤ ስለዚህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ባለፈው ስትደውል ያልከኝን አልረሳሁትም። "አንድ ሞተርና ሁለት ድንጋይ ታቅፈሽ ምን ትጠብቂያለሽ? ወፍጮው ምን አለው? አቶ ኃይለልዑል ቦታውን ለፎቅ ይፈልገዋል፣ ሽጪለትና ነይ። እምቢ ካልሽ ግን ባል አለኝ ብለሽ አትጠሪኝ" አልክ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች አለ አሉ። ያም ሆኖ ጥያቄህ ጥያቄ ነውና ከንዴትህ ለይቼ አስቀመጥኩት። ወፍጮው ምን አለው ነው ያልከው? መልስ አለኝ። መልሱን ያገኘሁት ደግሞ ከልጅህ ነው።

ሩቲ ለማስተርስ ጥናቷ ከሐረማያ መጥታ ከእኔ ጋር ከርማ ሄደች። ብታያት ኮርተህ አትጠግብም። መነጽር አድርጋለች፣ ስትናገር እጇን እንዳንተ ታወናጭፋለች። የምታጠናው ንግድ ቤቶች ዘላቂ እሴት እንዴት እንደሚፈጥሩ ነው። እኔ ስለ ትርፍ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ስለ ደህና ዓመትና ስለ ክፉ ዓመት ስዘረዝርላት አስቆመችኝ። "እማዬ፣ ትርፍ አንቺ ኪስ የሚገባው ነው። እሴት ግን ባንቺ ምክንያት በዙሪያሽ ላለው ሰው ሁሉ የሚተርፈው ነው። አንቺ ብቻ የምታተርፊበት ቤት አይከርምም" አለች።

"በምን ይለካል ታዲያ?" አልኳት።

"መምህራችን እንዲህ ይላል። ድርጅቱን በሐሳብሽ ከቦታው አንሺው። ከዚያ ዙሪያውን ተመልከቺ። ገዢው፣ እህል አምጪው፣ ሠራተኛው፣ ጎረቤቱ ምን ጎደለበት? ድርጅቱ ይፈጥረው የነበረው እሴት ያ የጎደለው ነው። ማንም ምንም ካልጎደለበት ግን፣ ቤቱ ሲያተርፍ ቢኖርም ባዶ ነበር ማለት ነው።"

ሳቄ መጣ። ልጄ፣ እናንተ በሐሳብ ታነሳላችሁ፣ የእኛን ወፍጮ ግን በእውን አንስተውት ያውቃሉ አልኳት።

ሰፈራችን የተዘረፈበትን፣ አንተም የቆሰልክበትን ያንን ነሐሴ ሲያነሱብህ እንደማትወድ አውቃለሁ። ትከሻህ ላይ የቀረው ጠባሳ ይበቃሃል። ሩቲን ይዘህ መሄድህን ያኔም አልፈረድኩብህም፣ ዛሬም አልፈርድብህም፤ ልጅ ያለው ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? ሦስታችንም ጎረቤታችን ፊርደውስ ጓዳ ተሸሽገን ከርመን መንገድ ሲከፈት እናንተ ወጣችሁ። እኔ የተረፈውን አይቼ እከተላችኋለሁ ብዬ ቀረሁ። ወፍጮው ጋ ስደርስ ሞተሩ ተወስዷል፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ተነቅሏል፣ ዱቄቱ ከአፈር ተለውሷል። ድንጋዮቹ እንኳን የሉም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ቦጋለች አታለቅስም እያልክ ለምታማኝ ይኸውልህ። ይሄኔ ፊርደውስ እጄን ይዛ ወደ ጓሮዋ ወሰደችኝና አንድ ሰሌን ገለጠች። ሁለቱም ድንጋይ ከሥሩ ተኝተዋል። የሰፈሩ ሴቶች እያንከባለሉ አምጥተው ደብቀዋቸው ኖሯል።

"ለምን?" አልኳት።

"ድንጋዩ ከሌለ አንቺም ትሄጃለሽ። አንቺ ከሄድሽ የሾርባ እህሌን ማን ይከካልኛል?" አለችኝ።

አነጋገሯን ታውቀዋለህ፤ ፍቅሯን እንኳን በጥቅም ጠቅልላ ነው የምትሰጥህ። አልተከተልኳችሁም እንግዲህ። ይሄን እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ ነሐሴ በተነሳ ቁጥር ስልኩን ስለምትዘጋው ነው።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና ካሂንን ላስታውስህ፣ የቱሊጉሌዱን ገበሬ። ለሩቲ ያንን ታሪክ ስነግራት እንባዋ እስኪፈስ ነው የሳቀችው። አንተ ገና አዲስ ሙሽራ፣ የአዳማ ልጅ፣ መሬት ውስጥ ጉድጓድ ከርሞ የወጣ ማሽላ አሽትተህ አታውቅም። ሽታው አፍንጫህን ሲመታህ ሰውዬው እህሉ ተበላሽቶበታል ብለህ አዘንክለት። ከዚያ በደግነትህ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ አሰጥተህ፣ አናፍሰህ፣ ሽታው ድራሹ ሲጠፋ ፈጨህለት። ካሂን መጣ፣ ዱቄቱን ዘግኖ አሸተተና "ይሄ የኔ አይደለም። የኔ የት ሄደ?" አለ። አንተ ያደረግኸውን በኩራት ስታስረዳው ይባስ ብሎ በገነ። "ወላሂ፣ አባቴ ጉድጓድ የቆፈረው ለዚህ ሽታ ነው። አንተ ለነፋስ ሰጠኸው!" አለህ። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ ሳቄን ለመዋጥ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎርሼ ነበር።

ለሩቲ በኩራት የነገርኳት ግን ከዚያ በኋላ ያደረግኸውን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አኩርፎ ሁለተኛ አልፈጭለትም ይል ነበር። አንተ ሐሙስን ለጉድጓድ ማሽላ ብቻ አደረግኸው። ሽታው የሌላው ሰው ጤፍና ስንዴ ላይ እንዳያርፍ፣ የእነሱም ሽታ በሌላው እንዳይጠፋ፣ ሐሙስ ማታ ድንጋዩን ራስህ ትጠርገው ነበር። ሌሎቹ ወፍጮ ቤቶች ዛሬም ጉድጓድ ማሽላ ሲያዩ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። እኛ ጋ ሐሙስ ሐሙስ ግቢው ከቱሊጉሌድ በመጣ ሰው ይሞላል። የፋብሪካ ዱቄት በሱቁ ሁሉ ተደርድሮ፣ ዋጋውም ረክሶ፣ እነሱ ግን የራሳቸውን እህል ተሸክመው ይመጣሉ። ሩቲ "ለአንዱ እንከን የሆነው ለሌላው ክብሩ ነው፣ አባዬ ይሄን ሳይማር አውቆታል" አለች። ልጅህ ናት፣ እኔ አላልኩም።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። እንደምታውቀው የእኛ ሁዳዴና የእነሱ ረመዳን ዘንድሮ አንድ ላይ ገጠሙ። ወፍጮ ቤት ለያዘ ሰው ይሄ ማለት እንቅልፍ የለም ማለት ነው። የእኛዎቹ ሽሯቸውን፣ ፊርደውስና ጓደኞቿ ለማፍጠሪያ የሚሸጡትን የሾርባ እህል ይዘው ግቢውን አጥለቀለቁት። በዚህ መሐል ነው ከዝርፊያው በኋላ የገዛሁት አሮጌ ሞተር ጨሶ ቀጥ ያለው። የሚጠግነው ሰው ፈቶ አየውና "ይሄ ድሬዳዋ ካልሄደ እዚህ አይሆንም" አለኝ።

እና የዚያኑ ዕለት ደግሞ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አቶ ኃይለልዑል፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ የቦታውን ነገር ሊጨርስ። የቆመውን ሞተር ሲያይ ፊቱ በራ፤ ክፋት እንኳን የለበትም፣ ነጋዴ ነው። "እንግዲህ እግዚአብሔር ራሱ ነገረሽ" አለኝ። ልዋሽህ አልችልም ወንደሰን፣ ያቺን ሰዓት ደክሞኝ ነበር። ልሽጠውና ልሂድ፣ ባሌን ልይ፣ እንደ ሰው ቁጭ ብዬ ልብላ ብዬ አሰብኩ። እሺ የሚለው ቃል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር።

ዓይኔን ሳነሳ ግን ማንም ከግቢው አልወጣም። እህላቸውን ተሸክመው ወደ ሌላ ወፍጮ ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ካሂን ከእነሱ መሐል ነበር። ለረመዳን ብሎ ጉድጓዱን ከፍቷል፤ የጉድጓድ እህል ደግሞ አንዴ አየር ካገኘው አይጠብቅም፣ እርጥበቱ ያግለዋል። ሞተሩን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ወጥቶ ሄደ። ካሂንም ተስፋ ቆረጠ አልኩ በልቤ።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ተንቀጠቀጠ። ካሂን ትራክተሩን የኋሊት እየነዳ ገባ፣ ከወፍጮው ግድግዳ አጠገብ አቆመና ከላይ ሆኖ ተጣራ።

"አባዮ ቦጋለች! ግድግዳሽ ይበልጥብሻል ወይስ ወፍጮሽ?"

እህቴ ብሎ ሲጠራኝ አንድ ነገር እንዳሰበ አውቃለሁ። "ወፍጮዬ" አልኩት።

"እንግዲያው ግድግዳውን እናፍርሰው።"

አፈረስነው። ቺንጋውን፣ ወፍጮውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ በቀዳዳው አሾልኮ ከትራክተሩ መዘውር ጋር አያያዘውና ወፍጮው ዞረ። ያንን ድምፅ ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልነግርህ አልችልም፤ ቀብሬ የተመለስኩት ሰው ከበሩ ላይ እንደጠራኝ ያህል ነበር።

ቀጥሎ ጠብ ተነሳ፤ ጠቡ ግን "እኔ ልቅደም" አልነበረም። የእኛዎቹ "ፀሐይ እየጠለቀች ነው፣ የሚያፈጥሩት ይቅደሙ" አሉ። ፊርደውስ ደግሞ ወገቧን ይዛ "ከቅዳሴ ቀጥታ የመጡት ይቅደሙ፣ እህል ከቀመሱ ቆይተዋል፣ እኛ ከንጋት በፊት ሱሑር በልተናል" አለች። ቅደሙ፣ እናንተ ቅደሙ ሲባባሉ ካሂን ከትራክተሩ ላይ ጮኸ፤ "ነዳጅ የሚነደው የኔ ነው፤ ማንም ይሁን፣ አንድ ሰው ይጨምር!" የሾርባው እህል ቀደመ።

አቶ ኃይለልዑል ጥግ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። ያ ያማረ ጫማው ዱቄት ለብሶ ነጥቷል። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ወይዘሮ ቦጋለች፣ ቦታውን ብገዛ እነዚህንስ ትሸጪልኛለሽ?" አለኝ፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ እውነት ነበር። "እነሱን ልሸጥ አልችልም፣ ያለ እነሱ ደግሞ የምትገዛው አፈር ነው" አልኩት። ጭንቅላቱን ነቅንቆ እጄን ጨበጠኝና ሄደ። በአዲሱ መንገድ በኩል ሌላ ቦታ አግኝቷል አሉ፣ ይቅናው።

ስለዚህ አልሸጥኩም። አልሸጥምም። ባል አለኝ እንዳትይ ብለኸኛል፣ እኔ ግን አለኝ እያልኩ ነው፤ ደስ ካላለህ መጥተህ ተከራከረኝ።

ሞተሩ ተጠግኖ መጥቷል። የፈረሰውን ግድግዳ አላስደፈንኩትም፣ ሁለተኛ በር አስገጠምኩበት፤ ሐሙስ ሐሙስ የካሂን ሰዎች በዚያ ይገባሉ። ሩቲ ይሄን ሁሉ ጥናቷ ውስጥ አስገባችው። የእናቷ ወፍጮ፣ ያ ሁለት ድንጋይና አንድ ሞተር ያልከው፣ ምሁራን ፊት ቆሞ ሊነበብ ነው። ከሠፈራችን ሴቶች መሐል እንደ እኔ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄድ ያለች አይመስለኝም። ፊርደውስ "ስሜን ጻፈችው ወይ?" እያለች በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

ልትሄድ ሻንጣዋን ስትዘጋ ሩቲ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። "እማዬ፣ በዚያው መለኪያ አባዬን ከዚህ ቤት ብናነሳውስ? ምን ጎደለ?" አለችኝ። መኪናው ያመልጥሻል ብዬ አጣደፍኳት። መልሱ ለእሷ አይደለም።

ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነው። ከአዳማ ባቡሩ ድሬዳዋ ያወርድሃል፣ ከዚያ ወዲህ መንገዱን አትረሳውም። ለመኖር ከከበደህ ለማየት ና። ፍርሃትህን አልንቀውም፤ የካራማራን ተራራ ስትሻገር ደውልልኝና ስልኩን ሳትዘጋ እያወራን ትገባለህ።

ያ ያሳደረህ አምላክ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ትከሻህን ያድንልህ፣ የልጃችንን ምርቃት ጎን ለጎን ቆመን ለማየት ያብቃን። ወንድምህንና ልጆቹን ሳምልኝ።

ሚስትህ ቦጋለች

ከደብዳቤው ጋር ያለችውን ትንሽ ቋጠሮ እንዳትጥላት። ያለፈው ሐሙስ የካሂን ማሽላ ዱቄት ናት፣ ሽታዋም ከነሙሉ ክብሯ አለች። ድንጋዩ ሲደንዝ የሚወቅርልኝ ሰው አለ፣ ክፉ ሠራተኛ አይደለም፤ ግን በዓይኑ አይቶ ነው የሚወቅረው። አንተ ምሳ እየበላህ፣ ጉርሻህን አቁመህ፣ በድምፁ ብቻ "ደነዘ፣ አቁሚው" ትለኝ ነበር። ደንበኞቼ ጨዋ ስለሆኑ ምንም አይሉኝም። ቋጠሮዋን ፍታና ዱቄቱን በሁለት ጣትህ አሸት አድርገው። ሸካራ ነው፤ አንተ ከሄድክ ጀምሮ ሸካራ ነው።